ዳናክል ልሂድ ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አፋር በረሃ አራት ጊዜ ወርጃለሁ፤ ሁለቱን በጓደኛ ግፊት፣ ሁለቱን በራሴ ፍላጎት። ከዚያ ወዲህ ጥቅምት በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ ያው ጥያቄ ይደረደራል። ግማሹ ከአዲስ አበባ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ለገና ከሚመጡ የዋሽንግተንና የዱባይ ዘመዶች። ለእያንዳንዱ እየደጋገምኩ ከምጽፍ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። አስጎብኚ ድርጅት የለኝም፤ ብትሄዱም ብትቀሩም የማተርፈው የለም።

ዳናክል የሚባለው በትክክል የቱ ነው?

በአፋር ክልል ሰሜናዊ ክፍል፣ እስከ ኤርትራ ድንበር የተዘረጋ ረባዳ ምድር ነው። ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በታች ከ120 ሜትር ይበልጣል። «ዳናክል ሄድኩ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አራት ቦታ ማለቱ ነው፦ ቀለማሙ ዳሎል፣ የአሳሌ የጨው ሜዳ፣ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ፣ አንዳንዴም አፍዴራ ሐይቅ።

ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ዳናክል ሌላው ሰው ያወጣው ስም ነው፤ ሕዝቡ ራሱን አፋር ነው የሚለው። ቦታውን በዚያ ስም ብትጠሩት ማንም አይቆጣም፣ ሰውን ግን «ደናክል» ማለት ያስቀይማል። አፋር በሉ።

መሬቱ እንዴት እንዲህ ሊጎደጉድ ቻለ?

የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረብ የሚባሉት ሦስት የምድር ቅርፊቶች የሚለያዩት አፋር ላይ ነው። እነሱ ሲላቀቁ መሃሉ ይሰጥማል። ነገሩ ያለቀለት ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድሩ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቆ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ግራና ቀኙ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ጨዉስ ከየት መጣ ካላችሁ፣ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ እየገባ፣ እየደረቀ፣ እንደገና እየገባ የተወው ዝቃጭ ነው።

መቼ ልሂድ?

ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ። ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበ ልኬት የዓመት አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ነበር። አማካይ ነው ያልኩት፣ ሌሊቱም ብርዱም ተደምሮ። በሰኔና በሐምሌ ቀኑ 45ን አልፎ ይሄዳል። በታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ውጭ የሚተኛበት፣ ወደ ንጋት ላይ ስስ ጋቢ የሚፈለግበት ነው።

ወቅቱ ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል፤ ይህ ችግር የለውም። በረሃ ላይ ወጥ ሠሪው የሚያበስለው ፓስታ፣ ሩዝና ሽሮ ስለሆነ እንደውም የጾም ምግብ ይቀላል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም ወደ የካቲት መጥቷል። ሾፌሩም መሪውም ጨው ቆራጩም ጿሚ ሆኖ ሳለ ፊቱ ላይ ውሃ መንቆርቆር ነውር ነው። ጠጡ፣ መጠጣት አለባችሁ፤ ግን ዞር ብላችሁ።

ሰላም ነው?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። ይህን ገጽ በምታነቡበት ቀን ያለውን ሁኔታ ጽሑፍ ሊነግራችሁ አይችልም፤ ሊነግራችሁ የሚችለው እዚያው ያለ ሰው ነው። የኋላውን ግን ማወቅ አለባችሁ። ጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታሌ አፋፍ ላይ ያደሩ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በታጣቂዎች ተገድለዋል፣ ታፍነው የተወሰዱም ነበሩ። ከዚያ በኋላ የታጠቀ አጃቢ ሳይዙ መውረድ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም መስመሩን ዘግቶት ነበር፤ ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው እንደገና ቀስ እያለ የተከፈተው። ዳሎል ደግሞ ለድንበር ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባና አስመራ ሲኮራረፉ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቲኬት ከመቁረጤ በፊት ሰመራ ለሚገኘው የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ እደውላለሁ፤ ቀጥሎ በዚያ ሳምንት ከበረሃው የተመለሰ ሾፌር ፈልጌ አናግራለሁ። ሾፌሩ «ይቻላል፣ ግን…» ካለ ያቺን «ግን» እስከ መጨረሻዋ እሰማታለሁ። አንድ ዓመት ሻንጣዬን ሸክፌ ሳበቃ በእሷ ምክንያት ቀርቻለሁ። ገንዘቤ ግማሹ ቀልጧል፤ አልቆጨኝም።

ከውጭ ለምትመጡ፦ የምትኖሩበት መንግሥት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ያወጣበት ቦታ ላይ ለደረሰ ጉዳት አብዛኛው የጉዞ ኢንሹራንስ አይከፍልም። ውሉን አንብቡ። «ትውልዴ ኢትዮጵያዊ ነው» የሚለው እዚያ ወረቀት ላይ ዋጋ የለውም።

ኤርታሌ ላይ እሳቱን አያለሁ?

ላታዩ ትችላላችሁ። ፎቶው ላይ ያለው ቀይ የሚንተከተክ ሐይቅ ሁልጊዜ የሚጠብቃችሁ እንዳይመስላችሁ።

ኤርታሌ 613 ሜትር ከፍታ ያለው ገላጣ ተራራ ነው። ስሙ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው፤ ጭሱን እንጂ እሳቱን ቃል አልገባም። ለአሥርት ዓመታት የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ ይዞ የኖረ በመሆኑ በዓለም ብርቅ ነበር። ጥር 2009 ዓ.ም. ተራራው ጎኑ ተሰንጥቆ እሳቱ ሌላ ቦታ ፈሰሰ፣ የሐይቁም መጠን ወረደ። ከዚያ ወዲህ አንዴ ይታያል፣ አንዴ በጭስ ይሸፈናል፣ አንዴ ጭራሽ የለም። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፈነዳ።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከኤርታሌ በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ፣ በታወቀው ታሪክ ፈንድቶ የማያውቀው፣ በድንገት ተነሣ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ኦማን፣ ከዚያም እስከ ህንድ ሰማይ ደረሰ፤ በረራ ተሰረዘ። ዓለም ስለ አውሮፕላኑ አወራ። አፍዴራ ያለው አርብቶ አደር ግን አመድ የለበሰ ግጦሽ ላይ ፍየሎቹን ይዞ ነበር የቀረው። ስለዚህ ስትደውሉ «እሳቱ አለ ወይ?» ብቻ አትበሉ፣ ስለ ሰዉም ጠይቁ።

አወጣጡን በተመለከተ፦ በድሮው መንገድ ከሥር ካለው ካምፕ ተነሥቶ ወደ 10 ኪሎ ሜትር በእግር ነው፣ ሲመሽ ተጀምሮ ሦስት አራት ሰዓት ይወስዳል። አቀበቱ ቀስ እያለ የሚነሣ ነው፣ ድንጋዩ ነው የሚያደክመው። የደረቀው አዲስ ላቫ እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ነው፤ ላዩ ደልዳላ ይመስልና ሲረግጡት ይሰምጣል። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ በርካሽ ስኒከር ወጥቼ፣ ስወርድ የቀኝ እግሬ ሶል ተገንጥሎ በሻሽ አስሬው ነበር። መሪያችን በነጠላ ጫማ ነበር የወጣው፤ ምንም አላለኝም፣ እግሬን አየና ፈገግ አለ። እሱ በነጠላ ጫማ ወጣ ብላችሁ ግን እንዳትሞክሩት።

በየት በኩል ይገባል?

ሁለት በር አለ፣ ሰመራና መቀሌ። በመቀሌ በኩል በበርሃሌ አድርጎ ሐመድ ኢላ መውረድ ለዳሎል ቅርቡ ነው፤ የተከፈተ መሆኑን ግን በየጊዜው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰመራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመኪና 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ የሚያልፈው ያው የጅቡቲ መስመር ነው። ተሳቢ ከባድ መኪና የሞላበት መንገድ ነውና በማታ አትንዱት። በረሃው አይደለም፣ እዚህ አስፋልት ላይ ያለው አደጋ ነው የሚያስፈራኝ።

በራሴ መኪና መውረድ እችላለሁ?

አትሞክሩት። መሪና አጃቢ ግዴታ መሆኑን እንርሳውና፣ መንገዱ ራሱ መንገድ አይደለም። አሸዋው ላይ የጎማ ነፋስ ቀንሶ መንዳት አለ፣ የደረቀ የመሰለ ጨው ከሥሩ ጭቃ ሆኖ መኪና ሲውጥ አለ። ደንቡ ቢያንስ ሁለት መኪና አብሮ መሄዱ ነው፤ አንዱ ሲሰምጥ የሚጎትተው ሌላው ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት መኪናውን ራሳችሁ እዩ። ስኮርት ጎማው ሁለት ይሁን፣ ነፋስ ያለው መሆኑን በእጃችሁ ምቱት። ክሪኩ ከነጣውላው መኖሩን አረጋግጡ፣ አሸዋ ላይ ክሪክ ብቻውን ይቀበራል። በሦስተኛው ጉዟችን ሁለት ስኮርት እንዳለ ተነግሮን ነበር፤ አፍዴራን አልፈን ጎማ ሲፈነዳ ሁለተኛው ስኮርት ራሱ የተጣፈና ነፋስ የሌለው ሆኖ ተገኘ። አምስት ሰዓት ጥላ በሌለበት ተቀመጥን።

ዋጋው ስንት ነው?

ቁጥር አልጽፍም፣ በየወሩ ይለወጣል። ከምን ከምን እንደተሠራ ግን ልንገራችሁ፦ መኪናና ነዳጅ፣ የመግቢያ ክፍያ፣ የአካባቢው መሪ፣ የታጠቀ አጃቢ፣ ወጥ ሠሪ፣ ምግብና ውሃ። ትልቁ መኪናው ነው፤ ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ ሰው ይጎዳል፣ ስምንት ሆኖ በሁለት መኪና የሚሄድ ይቀለዋል። አንዱ ከሌላው በግማሽ የረከሰ ዋጋ ሲሰጣችሁ ምን እንደተቀነሰ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀነሰው ሁለተኛው መኪና ወይም ውሃው ነው።

ምን ልያዝ?

ውሃ። የሚጠጣ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር አስቡ፤ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ጀሪካኑ ሌላ ነው። ውሃ ብቻ እየጠጣችሁ ላብ ካፈሰሳችሁ ሰውነት ጨው ያጥረዋል፣ ጨው ሜዳ መሃል ቆሞ በጨው እጥረት መውደቅ ማለት ነው። ከፋርማሲ ኦአርኤስ አሥር ከረጢት ግዙ፣ ርካሽ ነው።

ለስንቅ በሶ ታላቅ ነገር ነው፤ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም። ዳቦ ቆሎና ቆሎም እንዲሁ። ቸኮሌት የያዘች የአክስቴ ልጅ ከሁለተኛው ቀን በኋላ የቦርሳዋን ኪስ ስትልስ ነበር።

ልብስ ሰፋ ያለ ጥጥ፣ እጅጌው ረጅም። ነጠላ ያዙ፤ በውሃ ነክራችሁ ራሳችሁ ላይ ብትጠመጥሙት ከየትኛውም ዘመናዊ ኮፍያ ይሻላል፣ ነፋሱ ሲነሣ አፍና አፍንጫ ይሸፍናል፣ ሲመሽ ይለበሳል። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ለኤርታሌ የድኝ ሽታ የሚከላከል ማስክ። የኮቪድ ጊዜው ጨርቅ ጋዙን አያስቆምም።

ሙቀቱን እችለዋለሁ? የደም ግፊት አለብኝ።

ጤነኛ ሰው በወቅቱ ከሄደ ይችለዋል። ግፊት፣ ልብ፣ ኩላሊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውረድ። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ውሃ ከሰውነት ያስወጣል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ልጅ ይቅሩ፤ ይህን ስል የሚቀየሙኝ አሉ፣ ይቀየሙኝ። ትልቅ ሐኪም ቤት ያለው ሰመራ አጠገብ ዱብቲ ወይም መቀሌ ነው፤ ከዳሎል ተነሥታችሁ ስንት ሰዓት እንደምትነዱ አስቡት። ቆላ ስለሆነ የወባ መከላከያም ጠይቁ።

ምልክቱን እወቁ፦ አንድ ሰው በሙቀት መሃል ላቡ ከቆመ፣ ነገር ከተቀላቀለበት፣ እየተደነቃቀፈ ከሄደ ድካም አይደለም። ጥላ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ወዲያው መመለስ።

ዳሎል ላይ ያለውን ውሃ መንካት ይቻላል?

አይቻልም። ከሥር የሚወጣው የፈላ ውሃ ጨዉን ሰንጥቆ ብረትና ድኝ ይዞ ይመጣል፤ ብረቱ አየር ሲያገኝ ይዝጋል፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡኒ የሚሄደው ለዚያ ነው። አሲድነቱ ከመኪና ባትሪ ውሃ ጋር የሚወዳደር ነው። ሕይወት አለበት የለበትም የሚለው ራሱ አከራክሯል፦ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዱ የተመራማሪ ቡድን በጣም ደቃቅ ፍጥረት አገኘሁ ሲል፣ ሌላው በከፉት ኩሬዎች ምንም የለም አለ።

መሪው በረገጠበት ብቻ ርገጡ። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ከሥሩ ፍል ውሃ አለ። አጠገቡ ያለው ቢጫው ኩሬ፣ ጋኤታሌ፣ ደግሞ መርዘኛ አየር ይተፋል፤ ዳር ዳሩን የሞቱ ወፎች ታያላችሁ። እሱ ጋ ፎቶ ለማንሳት ቁጢጥ አትበሉ፣ ከባድ አየር ከታች ነው የሚተኛው። መታጠብ ያማራችሁ በአሳሌ በኩል ያለው የጨው ውሃ ላይ ተንሳፈፉ፤ ቁስል ካላችሁ ግን ታስታውሱታላችሁ። ስትወጡ የምትታጠቡበት ንጹህ ውሃ አስቀድማችሁ ለዩ።

ጨው ቆራጮቹን ማየት እንችላለን?

ትችላላችሁ፣ ቀኑ ከገጠመ። ለእኔ ከእሳተ ገሞራው ይበልጥብኛል።

አንዱ በመጥረቢያ ጨዉን መስመር ያወጣበታል። ከዚያ አራት አምስት ሆነው ረጃጅም እንጨት ስንጥቁ ውስጥ ይሰኩና በአንድ ድምፅ እየተቀባበሉ ይጫኑታል። ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ «ቋ» ብሎ የበር ያህል ገበታ ከሜዳው ይነሣል፣ ከሥሩ ያልደረቀ ጨዋማ ውሃ ይታያል። ቅርጽ የሚያወጣው ሰው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ በትንሽ መጥረቢያ ጠርዙን እየመታ እኩል እኩል ያደርገዋል። መለኪያ አልያዘም። አንዱን ከሌላው ላይ ሲደረድረው ግን ሥንጥር አይገባበትም። አያቶቻችን በገንዘብነት የተገበያዩበት አሞሌ ይህ ነው፤ አሁን የሚሄደው ለከብትና ለወጥ ነው። መንገድ ከገባ ወዲህ ጭነት መኪና የግመሉን ሥራ እየወሰደ ነው፣ ስለዚህ ረጅሙን የግመል ሰልፍ አገኛለሁ ብላችሁ አትማሉ።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በመሪያችሁ በኩል አስጠይቁ። ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በዚያ ሙቀት በቀን ብዙ መቶ ጊዜ መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው ለእናንተ ፈገግ የማለት ግዴታ የለበትም።

ሾፌሩ በየመንገዱ እየቆመ ያወራል፤ ጊዜ እየገደለ ነው?

አይደለም፣ ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ቆመው፣ ብዙ ጊዜም ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ፣ በየት በኩል የማያውቁት መኪና አለፈ። ያየውንና የሰማውን ለይቶ መናገር ግዴታ ነው፣ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። አንድ ጊዜ መሪያችን ከአንድ ግመል ጠባቂ ጋር ሃያ ደቂቃ ተቀመጠ። እኛ ሰዓት እያየን እንነጫነጫለን። ተነሥቶ መጣና ሾፌሩን በሌላ በኩል አዞረው፤ ወደፊት ያለው ደረቅ ወንዝ ከደጋ በወረደ ጎርፍ ሞልቷል ተብሎ ነው። ያ ሰው ኔትወርክ የለውም፣ እኛ ደግሞ ሦስት ስማርት ስልክ ይዘን ምንም አናውቅም።

ማደሪያውና መጸዳጃውስ?

ማደሪያ ጠፍር አልጋ ወይም መሬት ላይ ፍራሽ፣ ጣሪያው ሰማይ። መጸዳጃ የለም። ሴቶች ነጠላ ወይም ሰፊ ሽርጥ ለመከለያ፣ እርጥብ ሶፍት፣ ሞዴስ ከበቂ በላይ ይያዙ፤ ዘወር የሚባልበት ሰዓት ከንጋት በፊትና ከመሸ በኋላ ነው። የተጠቀማችሁበትን ወረቀት በፌስታል አስራችሁ መልሱ። ያ ነፋስ የጣላችሁትን ሁሉ ወስዶ ፍየሎቹ አፍ ውስጥ ያደርሰዋል።

ድሮን ይዤ ልምጣ?

ያለ ፈቃድ ከሆነ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ድንበር አካባቢ በመሆኑ ወታደርና ኬላም በስልክ አታንሱ።

ጨው ቁራሽ ይዤ መመለስ እችላለሁ?

ከሜዳው ፈልጣችሁ አታንሱ፣ ከቆራጮቹ ግዙ፤ አንድ አሞሌ ለእናንተ ትንሽ ገንዘብ ነው። በሁለት ፌስታል ጠቅልሉት፣ ከካሜራ አርቁት፣ ጫማችሁንና የመኪናውን ሥር ሰመራ እንደገባችሁ አሳጥቡ፤ ጨው ብረት ይበላል። ቤት ከደረሰ በኋላ በበጋ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የኔው ከመጻሕፍቱ ጎን ነበር፤ ሰኔ ገብቶ አዲስ አበባ ሲረጥብ ማላብ ጀመረና ሁለት መጽሐፍ አበሰበሰብኝ። አሁን ከሥሩ ሳህን አድርጌለታለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እደፋለታለሁ።